ሦስተኛው ማርሚታ

ታላቅ እህቴ ካኮረፈችኝ ይኸው ሁለተኛ ክረምታችን ነው። ሰው ምክንያቱን ሲጠይቀኝ አፌን ይይዘኛል። በወሰን ብንጣላ፣ በእናታችን ጥሪት ብንጣላ፣ ለሽማግሌ ይነገራል፣ ያስታርቁናል። እኛን የለያየን ግን የመኪና ማርሚታ ነው። ማርሚታ ያው የሞተሩ ጭስ ተጉዞ በኋላ በኩል የሚወጣበት፣ ጩኸቱንም ውጦ የሚያስቀረው ቆርቆሮ ነው። ያንን ነገር ቡሬ ድረስ ሄጄ፣ አስፈትኜ፣ ከሦስት አማርጬ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

እናታችን ስትሞት እኔ ገና ዳዴ እል ነበር አሉ። አዝላ ያሳደገችኝ ይህችው እህቴ ናት። ስሟን ጠርቼ አላውቅም፤ እታለም ነው የምላት። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የተማርኩት መሪ ጨብጬ ነው። መጀመሪያ በሰው የጭነት መኪና ረዳት ሆንኩ፣ ቀጥሎ ሹፌር፣ ከሸመገልኩ በኋላ ደግሞ አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ የራሴ አደረግሁ። ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ ከገጠር በቆሎ፣ ድንችና በርበሬ አወርዳለሁ። በርበሬ በጫንኩ ቀን ጋቢናዬ ውስጥ ሳያስነጥስ የሚውል ሰው የለም። እኔ ለምጄዋለሁ።

የእታለም ቤት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከአስፋልቱ በሚገነጠለው የጠጠር መንገድ ነው። መንገዱ አንድ ጋራ ይወጣል፤ ከጋራው አናት ቁልቁል እስከ ወንዙ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ዳገቱ ላይ ቤቷ አለ። ጋራው አናት ላይ የቆመ ሰው ቤቷን ፊት ለፊት ያየዋል፤ ለመድረስ ግን በመኪናም ቢሆን ገና ግማሽ ሰዓት ይቀረዋል። ስልክ እዚያ ሸለቆ ውስጥ አይሠራም።

ባሏ ካረፈ በኋላ የቀራት አንድያ ልጇ ነበር። ዱርቤቴ ከተማ ያስተምር ነበር። በየወሩ መጨረሻ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ይመጣና ከዚያ እኔ ጭኜው ወደ እናቱ እንሄዳለን። ባዶ እጃችንን ሄደን አናውቅም፤ ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ የመብራቱን ባትሪ እሱ ይሸከማል። እሷ ግን ሁልጊዜ ትቆጣ ነበር።

«አንተ ሰው፣ ምነው እንደ ሌባ ድንገት ከች ትላለህ?» ትለኛለች በሩ ላይ ቆማ። «ልጄን ይዘህ መጥተህ ምድጃዬ አመድ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሰው ምን ይለኛል?»

«ማን ያያል እታለም? እኛው ነን እኮ።»

«እናንተስ ሰው አይደላችሁም? ኸጋራው አናት ጀምሮ እሚሰማ ነገር ብታደርግላት ምን አለበት ይችን መኪና? ድምፅህን ስሰማ ወጤን እጥድ ነበር።»

«ክላክስ ላድርግልሽ?»

«ክላክስማ ሁሉም ያደርጋል። ያንተ መሆኑን በምን አውቄ?»

ልጁ ይስቃል። እሷም ትስቃለች። እኔ ግን ነገሩን ይዤው ነበር። በእኛ አገር እንግዳ ደርሶ ገና እሳት የሚጫርበት ቤት ባለቤቱን ያሳፍራል። ስቃ ብትናገረውም እንደሚከብዳት አውቅ ነበር።

ያ መንገድ ድንጋዩ ክፉ ነው። አንድ ቀን ልጁን ይዤ ስወርድ ማርሚታዬ ሆዱ ተቀደደ። ፍኖተ ሰላም ላይ አንዴ ቢበይዱልኝ ሳምንት ሳይቆይ ተመልሶ ተቀደደ። ቡሬ ላይ ማርሚታ በልክ የሚሠራ በያጅ አለ አሉኝና ሄድኩ።

በያጁ ከአዊ በኩል የመጣ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ አማርኛውን ረጋ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። ግድግዳው ላይ ቱቦዎቹን ከቀጭን እስከ ወፍራም እንደ ዋሽንት ደርድሮ ሰቅሏቸዋል። እሱ ዘንድ የሚመጡት አብዛኛዎቹ የመኪናቸውን ድምፅ ማስጎርነን የሚፈልጉ የከተማ ጎረምሶች ናቸው። እኔን ሲያይ ፈገግ አለ።

«አባባ፣ እንደ ድሮው ልሥራልዎ ወይስ ነፍስ ልዝራባት?»

«ነፍስ ሲዘራባት ምን ትሆናለች?»

«ይጠብቁኝ» አለና መኪናዋ ሥር ገባ። ብዙ ቆየ። በሜትር ለካ፣ በጣቱ አንኳኳ፣ ዝገቱን ፋቀ። ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ያስረዳኝ ጀመር። አርባ ዓመት ስነዳ ማንም ያልነገረኝን ነገር ነው የነገረኝ።

«ጎረምሶቹ ቱቦ በሰፋ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል ይላሉ። ውሸት ነው» አለኝ። «ሞተር መተንፈስ አለበት፣ ይኸ እውነት ነው። ጠባብ ቱቦ ያፍነዋል። እርስዎ ግን ጭነት ይዘው በአንደኛ ማርሽ ዳገት ነው እሚወጡ። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጭሱ ይዝላል፣ ከታች የሚያነሳው ጉልበት ይሞታል። ሰፊ ቱቦ ሜዳ ላይ ለሚጋልብ ነው።»

ሦስት ነገር አቀረበልኝ። አንደኛው እንደ ፋብሪካው ነው፤ ትልቅ ሆድ ያለው ማርሚታ፣ ድምፅ የማያሰማ። ሁለተኛው ቱቦው ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ማርሚታው ያነሰ፣ ሞተሩን የሚያፍታታ፣ ድምፁም ወፈር ያለ። ሦስተኛው ከዚያም የሰፋ ነው፤ ከሞተሩ እስከ ኋላ ቀጥ ብሎ ይሄድና መጨረሻው ላይ አንድ ክንድ የማትሞላ አጭር ማርሚታ ብቻ አለችው። ቱቦው በሦስቱም ከአይዝጌ ብረት ይሁን አለኝ፤ የእኛ ጭቃ ሌላውን ይበላዋል። ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ አፅም ጋር አስጠግቶ ከፍ ሊያደርገው፣ ድንጋይ እንዳይነካው፣ መውጫውንም ወደ ጎን ሊያጥፈው ተስማማን።

ጨዋ ሠራተኛ ነው። ሳልጠይቀው ሦስቱንም እያፈራረቀ በማሰሪያ አሰረልኝና «ዳገቱን ወጥተው ይመለሱ» አለኝ። በአንደኛው ወጣሁ፤ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። በሁለተኛው ወጣሁ፤ መኪናዋ ቀለል አለችኝ፣ ማርሽ ሳልቀንስ ግማሹን ዳገት ጨረስኩ። በሦስተኛው ስወጣ ጉልበቷ ከሁለተኛው አነሰ። ይህን በደንብ ነው የማስታውሰው። እግሬ አውቆታል። ድምፁ ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ከሆዷ የሚወጣ ነበር። ደረቴ ውስጥ ነዘረኝ። መንገድ ዳር ሻይ ቤት የተቀመጡ ጎረምሶች ብድግ ብድግ አሉ።

«ኧረ ሼባው!» አለኝ አንዱ እጁን እያወዛወዘ። «በዚህ ዕድሜ ጉድ ሊያፈሉ ነው!»

«ሚስት ሊያገቡ ነው!» አለ ሌላው።

ሳቅሁ። ስመለስ በያጁ ፊቴን አይቶ የመረጥኩትን አወቀ።

«ሁለተኛውን ይውሰዱ አባባ» አለኝ። «ለእርስዎ ሥራ ልኩ እሱ ነው። ሦስተኛው ጋቢና ውስጥ ያስገመግምብዎታል፤ ረጅም መንገድ ላይ ራስ ያዞራል። ትራፊክም ያስቆምዎታል።»

«እህቴ ከጋራው ማዶ ትስማኝ ብዬ ነው።»

«ሁለተኛውም እኮ ይሰማል።»

«ከጋራው አናት ይሰማታል?»

«ነፋሱ ከረዳዎት» አለኝ።

«እንግዲያስ ሦስተኛውን።»

ትከሻውን ነቀነቀና መበየድ ጀመረ።

ለሰው ሁሉ የምነግረው ለእህቴ ብዬ ነው እያልኩ ነው። እውነት ነው፣ ለእሷም ብዬ ነበር። ግን ለእሷ ሁለተኛው ይበቃት ነበር። ሦስተኛውን የመረጥኩት ለእነዚያ ጎረምሶች ነው። ዕድሜ ልኬን መንገድ ላይ ሳልፍ ቀና ብሎ ያየኝ ሰው አልነበረም። ሰባ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ሰው ዘወር ብሎ አየኝ፣ ደስ አለኝ። ይኸው ነው ነገሩ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር እንዳሰብኩት ሆነ። በወሩ መጨረሻ ልጁን ይዤ ጋራው አናት ላይ ስደርስ ነዳጁን ጠቅ አደረግሁላት። ቤቷ ስንገባ እሳቱ ነድዶ፣ ወጡ ተጥዶ፣ እሷ ነጠላዋን ለውጣ በር ላይ ቆማ ነበር።

«አወቅሁህ!» አለች እያጨበጨበች። «ኸጋራው ላይ ነው ያወቅሁህ! እንዲህ ነው እንጂ ወንድም!»

ልጁ ጆሮውን ይዞ ወረደ። «እማዬ፣ ደንቁረን ነው የመጣን» አላት።

«ዝም በል አንተ። መምጣትህን እኔ እሰማበታለሁ።»

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ድምፁን ለየው። ማዶ እርሻ ላይ ያለው እርፉን ይዞ ቀና ይልና «የመምህሩ እናት ልጇ መጣ» ይላል። ብቻዬን ወደዚያ የምሄድበት ጉዳይ ስለማይኖረኝ ያ ድምፅ ለእሷ ትርጉሙ አንድ ነበር፤ ልጄ መጣ ማለት ነው።

በሁለተኛው ዓመት ልጁ ታመመ። ሆዱ አበጠ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ጉበቱ ነው አሉ። ከዱርቤቴ ባሕር ዳር ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ በዚችው መኪና። ጋቢናው ውስጥ መስኮቱን ተደግፎ ተቀምጧል። መንገዱን ጥቂት እንደሄድን እጄን ነካ አደረገኝ።

«አጎቴ፣ ይቺን ነገር ዝም ማሰኘት አይቻልም?»

«ምን ሆነህ ልጄ?»

«ድምፁ ሆዴ ውስጥ ይገባል።»

«ስትድን አስቀይረዋለሁ» አልኩት። የምችለውን ያህል ቀስ ብዬ ነዳሁ። ቀስ ሲሉ ደግሞ ይብስበታል፤ በያጁ ያስገመግማል ያለኝ ይኼ ነበር።

በዚያ ሰሞን የባሕር ዳሩ መንገድ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ እታለምን ወደ ባሕር ዳር ማድረስ አልተቻለም። አንድ ቀን ስለ ልጇ ልነግራት ብቻዬን ሄድኩ። ጋራውን ስወርድ እሷ ወንዙ ድረስ ወርዳ ጠበቀችኝ። ጋቢናውን አየች፣ የኋላውን አየች። ማንም የለም። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት።

«ደህና ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው፤ ሐኪሞቹ እያዩት ነው።»

«አንተ፣ እንግዲህ ስማኝ» አለች የመኪናውን በር ይዛ። «ብቻህን ስትሆን ይኸን ድምፅ አታሰማኝ። ልቤ ይወጣል። ልጄን ይዘህ ስትመጣ ብቻ አሰማኝ። ለታቦቷ ተስያለሁ፤ ድምፁን በሰማሁበት ቆሜ እልል እላለሁ።»

«እሺ እታለም» አልኳት። ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም።

ልጁ በሦስተኛው ሳምንት አረፈ።

በእኛ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። እናት የልጇን ሞት ከመንገደኛ አትሰማም። ማለዳ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ከቤቷ ሳትወጣ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቷ ይሄዳሉ። ጎረቤት አስቀድሞ በምስጢር ይነገረዋል። ስትወድቅ ድንጋይ እንዳይጎዳት የሚይዟት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ይቆማሉ። ከዚያ ነው ቃሉ የሚነገረው። ሬሳው ራቅ ብሎ ይቆያል፤ እሷ አልቅሳ ልቧ ትንሽ ሲመለስ ነው የሚመጣው። ሐዘኑን አያቀለውም። ግን ሰው በወጉ ተረዳ ይባላል፤ እሱም አንድ ነገር ነው።

ሬሳውን የጫነው መኪና አስፋልቱ ላይ ቀረ። እኔ የንስሐ አባቷን፣ ሁለት ሽማግሌዎችንና የአጎታችንን ልጅ ይዤ ቀደምኩ። እሷ ሴት ስለሆነች እታለምን የምትይዛት እሷ ናት ተባለ። የንስሐ አባቷ እግራቸው አይሄድም፤ ጋራውን በእግር እንውጣ የሚል አልነበረም። ጎህ ቀዶ ነበር። ጋቢናው ውስጥ ሆነን ማን ቀድሞ ይናገር፣ ምን ተብሎ ይጀመር እየተባባልን እንንሾካሾካለን። አሁን ሳስበው ነው የሚገርመኝ። ያ ሁሉ ሽማግሌ የሚንሾካሾከው አገር በሚያነቃ መኪና ውስጥ ሆኖ ነው። ለምደነዋል፤ ጆሯችን አልሰማውም።

እኔ ግን አልረሳሁትም ነበር። እታለም ያለችኝ ቃል ልቤ ውስጥ ነበር። በሹፌር ጭንቅላቴ መላ መታሁ፤ ጋራው ይከልለናል፣ አናቱ ላይ ስደርስ ሞተሩን አጥፍቼ ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ እንንከባለላለን፣ ወንዙ ዳር አቁመን በእግር እንወጣለን ብዬ። ለማንም አልተናገርኩም። አናቱ ላይ ስደርስ አጠፋሁት። መሪው ከበደኝ፣ ፍሬኑ ደረቀ፤ በሁለት እግሬ እየረገጥኩ አወረድኳት። የንስሐ አባቷ «ምነው ልጄ፣ ተበላሸች?» አሉኝ። «አይ አባቴ፣ ቁልቁለት ስለሆነ ነው» አልኳቸው። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ሲንኮሻኮሽ ብቻ ይሰማል። ተሳካልኝ አልኩ።

ወንዙ ዳር ደርሰን በሩን ስከፍት እልልታ ሰማሁ።

ከማዶ ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ነበር የጀመረችው፤ ወዲያው ሌሎችም ተቀበሏት። ስልክ ስለሌለ ስንደርስ በምስጢር ልንነግራቸው ያሰብናቸው ጎረቤቶች ናቸው። የአጎታችን ልጅ «ምንድን ነው?» አለች። የንስሐ አባቷ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። እኔ የመጀመሪያዋ የእታለም ድምፅ መሆኑን አውቄዋለሁ።

እታለም በዚያ ዳገት እየሮጠች ወረደች። ሰባን ካለፈች የቆየች ሴትዮ፣ ነጩን ነጠላዋን ለብሳ፣ እልል እያለች። ወንዙን እስከ ጉልበቷ ገብታ ተሻገረች።

«የታለ?» አለች። «ኋላ ነው? ደክሞት ተኝቷል?»

የኋላውን አየች። ሽማግሌዎቹን አየች። ከዚያ የአጎታችንን ልጅ ነጠላ አየች፤ ጥለቱ ወደ ላይ ዞሯል፣ የሐዘን አለባበስ ነው። ማዶ ላይ ሴቶቹ ገና እልል ይላሉ። እሷ እጇን ወደነሱ አነሳች፤ ዝም በሉ ለማለት ይሁን ለምን እንጃ።

እኔ አንድ እግሬን መሬት አሳርፌ፣ ሌላው ጋቢናው ውስጥ እንዳለ ቀረሁ። ተዘጋጅቶ የነበረው ቃል ሁሉ አልተነገረም። የሚይዛት ሰው ለመድረስ ዘገየ፤ ውኃው ዳር ድንጋዩ ላይ ወደቀች። ግንባሯ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው።

ልጁ ተቀበረ። ሐዘኑም እንደማንኛውም ሰው ሐዘን ተቀመጠ። አርባው ሲወጣ ገና አላኮረፈችኝም ነበር፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ አልቅሳለች። ነገሩ የመጣው በኋላ ነው። ሰው አፉ ክፉ ነው። ውኃ የምትቀዳበት፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለምበት ቦታ ሁሉ «እልል ብላ ተቀበለችው» እየተባለ ይወራ ጀመር። ያን ቀን ከእሷ ጋር እልል ያሉት ናቸው የሚያወሩት። አንድ ቀን የጎረቤት በሬ ማሳዋ ገብቶ ተነጋገሩና ጎረቤቷ አጥር ተደግፋ፦

«አንቺ ደግሞ ልትናገሪኝ? የልጅሽን ሬሳ በእልልታ የተቀበልሽ!» አለቻት።

እታለም ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች አሉ። ከዚያ በኋላ እኔን ማየት አልፈለገችም። ስሄድ ጎረቤት ትልካለች፣ «ታምማለች፣ ተኝታለች» ይሉኛል። ጭስ ግን ከቤቷ ጣሪያ ይወጣል።

ቡሬ ተመለስኩ። በያጁ ሲያየኝ ሳቀ።

«ምነው አባባ፣ ሰለቸዎት? ገና ምኑ ተነካ፣ ብረቱ እኮ አዲስ ነው!»

የሆነውን ነገርኩት። መበየጃውን አጠፋ። ጓንቱን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰው ስለሆነ እንዲያጽናናኝ ጠብቄ ነበር።

«እኔስ ሁለተኛውን ብዬዎት ነበር» አለኝ።

ልክ ነው። አንደኛውን፣ ድምፅ የሌለውን እንዲገጥምልኝ ነገርኩት።

ለፋሲካ ሦስት ሽማግሌ ላክሁባት። ሰምታ ከጨረሰች በኋላ እንዲህ አለቻቸው፦

«ኸወንድሜ ጋር አልተጣላሁም። ምኑን ልታስታርቁኝ ነው?»

«እንግዲያስ ይምጣ?»

«ማን ከለከለው?»

«ደግሞም አስቀይሯታል» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ ያስደስታት መስሏቸው። «አሁንማ ድምፅ የላትም።»

«ድምፅ የሌላትስ ያን ቀን ነበር መምጣት የነበረባት» አለቻቸው። «ዛሬ ምን ታደርግልኛለች?»

ሽማግሌዎቹ ምን ይበሉ? ያልተጣላን ሰው ማስታረቅ አይቻልም። አፍረው ተመለሱ።

እኔ ግን ማን ከለከለው ብላለች ብዬ ሄድኩ። በር ላይ ቆማ ተቀበለችኝ። አልተቆጣችም። እጄን አስታጠበችኝ። ገበታ አቀረበችልኝ፣ ስለ ባለቤቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀችኝ፤ ከዚህ በፊት ቤቷን ረግጦ እንደማያውቅ እንግዳ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገና ሳልቀመጥ «ጫማህን ጥረግ አንተ ቆሻሻ» የምትለኝ ሴትዮ ናት። ጫማዬ ጭቃ ነበር፤ አየችው፣ ምንም አላለችም።

«እታለም» አልኳት እንጀራውን ይዤ፣ «ስደቢኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ያሻሽን በይኝ።»

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ።

«ያን ዕለት ጋራው ላይ ስትደርስ ሞተሩን ያጠፋኸው ለምን ነበር?»

ማጥፋቴን ሰምታለች። ይኼ አንድም ቀን አልታሰበኝም።

«እኔ ድምፁን ስሰማ መጀመሪያ አላመንኩም ነበር» አለች መሬት መሬቱን እያየች። «ልቤ ፈርቶ ነበር፣ ቤቴ ሆኜ ልጠብቅ ብዬ ነበር። ድምፁ ጋራው ላይ ሲቋረጥ ጊዜ ግን ልጄ ደክሞት ወንድሜ አቁሞ እያሳረፈው ነው አልኩ። ሬሳ ደክሞት አይቆምለትም፤ በሕይወት ነው አልኩ። ያኔ ነው እልል ያልኩት። ለምን ነው ያጠፋኸው?»

ልዋሻት ፈልጌ ነበር። ነዳጅ ለመቆጠብ ነው ልላት እችል ነበር፤ ሹፌር ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ ታምነኝ ነበር።

«እንዳትሰሚኝ ብዬ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰማሁህ እኮ» አለችና ገበታውን አነሳች። በልቼ አልጨረስኩም ነበር።